አያ ጭላዳ ተከዜን የዘጋ ጊዜ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ጆሮ ያለው “አለሁ” ይበል! ምን? አልሰማሁም። እስቲ ደግማችሁ! እሰይ፣ አሁን ሰማሁ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ የእህትህን ሹሩባ ልቀቅና ስማ። ዛሬ የማወራላችሁ የአንድ ትልቅ ወንዝ ነገር ነው። ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ አሁንም ልጀምረው ስል ልቤ ድው ድው ይላል!

በድሮ ዘመን፣ ሰውና አውሬ በአንድ ቋንቋ በሚጨቃጨቁበት ዘመን፣ ተከዜ የሚባል ወንዝ ነበር። “ነበር” ስላችሁ አሁን የለም ማለቴ አይደለም። አለ! ዛሬም አለ! ቆላው ሁሉ የሚጠጣው እሱን ነው።

ተከዜ የሚወለደው ላስታ ተራሮች ላይ ነው። ሲወለድ ጣት የሚያህል ውሃ ነው፤ ግልገል ትዘለዋለች። ትንሽ ወረድ ሲል ከግራ በኩል አንድ ምንጭ ይመጣና “ልግባ?” ይለዋል። “ግባ!” ይላል ተከዜ። ከቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ጅረት ይመጣና “ልግባ?” ይለዋል። “ግባ!” ይላል ተከዜ። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ውሃማ ጭራሽ አይጠይቅም። ከገደል ተወርውሮ ዘው!

እንዲህ እያለ ይወፍራል፣ ይወፍራል፣ ይወፍርና ምድሩን ሰንጥቆ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ሸለቆው ከመጥለቁ የተነሳ ከላይ ሆናችሁ ብትጣሩ ድምፃችሁ ይደክመውና መንገድ ላይ ያርፋል።

ክረምት ሲሆን ውሃው ለሁሉም ይተርፋል። ችግሩ በጋ ነው። በበጋ ውሃው ይመነምናል፤ ስለዚህ በተራ ነበር የሚጠጣው። ጠዋት የደጋ ተራ፣ ከሰዓት በኋላ የቆላ ተራ። ላይኛው ምንጭ አጠገብ አንድ ኩሬ ነበረ። ኩሬው በር አለው። በሩ ከዋንዛ የተጠረበ ሰፊ ሳንቃ ነው፤ ዙሪያው በጭቃና በሣር ተደፍኗል። ይህን በር የሚከፍትና የሚዘጋው ዳኛ “የውሃ አባት” ይባል ነበር።

ተራው መድረሱ በምን ይታወቃል? ያኔ የእጅ ሰዓት የለ፣ ስልክ የለ። ሰዓቱ ጥላ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይደበቃል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ጥላችሁ ይረዝማል። ጥላችሁ የደረሰበት ቦታ ጠጠር ታኖራላችሁ። ከዚያ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠማችሁ በእግራችሁ ትለካላችሁ። አንድ እግር፣ ሁለት እግር፣ ሦስት እግር። የውሃ አባት ጥላ አምስት እግር ከሞላ በሩ ይከፈታል፤ ውሃው ወደ ቆላ ይለቀቃል። ሕጉ ይኸው ነው።

ለብዙ ዘመን የውሃ አባት የነበረችው አንዲት አሮጊት ኤሊ ነበረች። እሷ ስታርፍ አውሬው ሁሉ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ አያ ጭላዳ ተነሣ።

ጭላዳን ታውቁታላችሁ? የደጋው ዝንጀሮ ነው። ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ እሳት የመሰለ ቀይ ቆዳ አለ። አያ ጭላዳ ወሬኛ ነው፣ ኩሩ ነው፣ ሰነፍ ነው። ሦስቱንም በአንድ ላይ!

“ከመካከላችሁ ቀይ ካባ የለበሰ ማን አለ?” አለ ደረቱን ነፍቶ። አውሬው እርስ በርሱ ተያየ። ካባ የለበሰ የለም። “እንግዲያው ዳኛው እኔ ነኝ!” አለ። እነሱም እሺ አሉት። ቆዳውን አይተው ሾሙት እኮ! እኔ ብኖር ኖሮ... ተዉት፣ አልነበርኩም።

አያ ጭላዳ እንደተሾመ ኩሬው ዳር ሄዶ ቁጭ አለ። ወደ ውሃው ሲያይ አንድ የሚያምር ጭላዳ ከውስጥ ያየዋል። ለካ ራሱ ነው! “ወይ እኔ! ወይ ጎፈሬ! ወይ ደረቴ!” አለ። በሩ ሲከፈት ግን ኩሬው ይጎድላል፤ መልኩም ጭቃው ላይ ይጠፋል። ይህ ነገር አናደደው።

“ምን ባደርግ ነው ይህ በር የማይከፈተው?” ብሎ አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበና አገኘው።

ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣር የሚግጥ ፍጡር ነው። አያ ጭላዳም ጥላውን ቁጭ ብሎ ለካው! ጉልበቱን አጥፎ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ እንደ ድንች ተጠቅልሎ። ቁጭ ያለ ሰው ጥላው ያጥራላ! አንድ እግር፣ ሁለት እግር... በቃ። አምስት አልሞላም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፀሐይዋ ከማዶ ካለው ተራራ ጀርባ ጥልቅ ትላለች። ፀሐይ ከሌለ ጥላ የለም። ጥላ ከሌለ ልኬት የለም። ልኬት ከሌለ ውሃ የለም!

አያችሁ ክፋቱን? እናንተ አውቃችሁበታል፤ ታች ቆላ ያሉት እነ አዞ ግን ገና አላወቁም። ዝም በሉ፣ እንዳትነግሯቸው!

ታች፣ ከሸለቆው ሆድ ውስጥ፣ እመት ጉማሬ ትኖር ነበር። ድቡልቡሌ የሚባል ጥጃ ወልዳለች። ድቡልቡሌ ክብ ነው፤ ከየትኛውም በኩል ብታዩት ክብ ነው። የጉማሬ ቆዳ ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ውሃ ካጣ ይሰነጣጠቃል፣ ይደማል። ትንሽ ጥጃ ከሆነማ ይሞታል።

ከላይ ውሃ መምጣቱ ቀረ። የድቡልቡሌ ኩሬ ጎደለ፤ ውሃው እስከ አንገቱ ሆነ። ሌላ ኩሬ በአቅራቢያው የለም።

“እናቴ፣ ጀርባዬን አቃጠለኝ” አለ ድቡልቡሌ።

እመት ጉማሬ ጮኸች። ጩኸቷን ሰምቶ አቶ አዞ መጣ። “እኔ እሄዳለሁ! ያንን ጭላዳ በጥርሴ አናግረዋለሁ!” አለ። አዞ ተራራ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሆዱ እየተሳበ፣ ጅራቱ ድንጋይ እየመታ፣ “ወይኔ ወገቤ! ወይኔ ወገቤ!” እያለ ወጣ።

“ጭላዳ! በሩን ክፈት!” ብሎ አፉን በረገደው።

አያ ጭላዳ ንቅንቅ አላለም። “ሕግ አለ፣ አቶ አዞ። ጥላዬን በእግሬ ልለካልህ። አንድ፣ ሁለት... አልሞላም። እኔ ምን ላድርግ? ፀሐይዋን ጠይቃት።”

አዞ አየ፤ እውነትም ሁለት ነው። አፉን ዘግቶ፣ “ወይኔ ወገቤ!” እያለ ወረደ። ሲደርስ ውሃው እስከ ድቡልቡሌ ሆድ ወርዷል።

“እናቴ፣ ሆዴንም አቃጠለኝ” አለ ድቡልቡሌ።

ወይዘሪት ዳክዬ ይህን ሰምታ አለቀሰች። “እኔ እሄዳለሁ፤ ለምኜ አራራዋለሁ” አለች። በረረች፣ አረፈች፣ በረረች፣ አረፈች፣ ደረሰች።

“አያ ጭላዳ፣ ስለ ልጆች ብለው ይክፈቱልን። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ” አለች።

“ከእግሬ ላይ ተነሺልኝ፤ ልለካበት ነው። አንድ፣ ሁለት... ይኸው አልሞላም። እኔ ምን ላድርግ?”

ዳክዬ አየች፤ እውነትም ሁለት ነው። እያለቀሰች ተመለሰች። ስትደርስ ውሃው እስከ ድቡልቡሌ ጉልበት ወርዷል። ድቡልቡሌ አሁን ዓይኑን ጨፍኖ ጭቃው ላይ ተኝቷል። እናቱ በጥላዋ ልትከልለው ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ የእሷም ጀርባ መሰንጠቅ ጀምሯል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ውሃ እጎነጫለሁ። ቆዩኝማ... እሺ፣ እንቀጥል።

በዚያ ሸለቆ ውስጥ እማማ አንጓች የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ወንዙ ዳር ዱባ ይተክላሉ። እሳቸውና እመት ጉማሬ ደግሞ ጠላቶች ናቸው! ለምን? ዱባው ደረሰ ሲባል እመት ጉማሬ መጥታ ግምጥ ታደርገዋለቻ! ሦስት ዓመት ተሳድበዋል። ያን ቀን ግን እማማ አንጓች በዚያ ሲያልፉ ጥጃውን አዩት። ቆሙ።

“አንቺ ሆዳም፣ ልጅሽ ምን ሆኖ ነው?”

“ሊሞትብኝ ነው፣ እማማ አንጓች” አለች እመት ጉማሬ።

እማማ አንጓች ነጠላቸውን ፈትተው ጭቃው ውስጥ ነከሩና ድቡልቡሌን አለበሱት። ከዚያ አዞንና ዳክዬን ጠሯቸው።

“በሉ ንገሩኝ። ጭላዳ ጥላውን ሲለካ ቆሞ ነው ወይስ ቁጭ ብሎ?”

አዞ ዓይኑን አፈጠጠ። “እኔ ምን አውቄ? እኔ እንደሆንኩ ኑሮዬም ተኝቼ ነው!”

ዳክዬም ግራ ገባት። “እኔ ብቆምም ብቀመጥም ያው ነኝ፤ ልዩነት አለው እንዴ?”

እማማ አንጓች ሳቅ አመለጣቸው። “አገኘሁት! እሱ መቼ ቆሞ ያውቃል!” አሉ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ዱላቸውን ጨብጠው ሽቅብ! ዳገቱን ወጡት፣ ገደሉን ዞሩት፣ ብርዱን ገቡበት። በሁለተኛው ቀን ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ኩሬው ዳር ደረሱ።

አያ ጭላዳ እዚያው በሩ ሳንቃ ላይ ቁጭ ብሎ መልኩን ያያል። ዙሪያውን ሽኮኮዎች ከየድንጋዩ ሥር ብቅ ብቅ ብለዋል።

“ልለምን አልመጣሁም፣ የኔ ጌታ” አሉ እማማ አንጓች ጎንበስ ብለው። “ካባዎን ለማየት ነው የመጣሁት። እኛ ቆላ ሆነን ዝናውን ብቻ ነው የምንሰማው።”

አያ ጭላዳ ደስ አለው። “እይው እንጂ፣ ሴትዮ! እይው!”

“ይገርማል! ግን ጉልበትዎ ሸፈነብኝ። ከታች በኩል እንዴት ያለ ነው?”

“ከታች?” አለ አያ ጭላዳ። ከታች በኩል እሱም አይቶት አያውቅም! ሁሌ ቁጭ እንዳለ ነዋ! ወደ ውሃው አጎነበሰ፤ አይታይም። አንገቱን አሰገገ፤ አይታይም። በመጨረሻ ሙሉ መልኩን በኩሬው ሊያይ ብድግ! ደረቱን ነፍቶ፣ ጎፈሩን አራግፎ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጥላውስ? ጥላው ከኋላው እየተመዘዘ፣ እየተመዘዘ ሄደና ሣሩ ላይ ተጋደመ!

እማማ አንጓች ዘለው ጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አኖሩ። “ሽኮኮዎች፣ ምስክር ሁኑ! የውሃ አባት፣ ይኸው ጥላዎ፤ በእግርዎ ይለኩልን!”

አያ ጭላዳ ደነገጠ። ግን ሽኮኮው ሁሉ እያየው ነው። እምቢ ቢል ሕግ ሊያፈርስ ነው። ቀስ ብሎ ተረከዙን አኖረ። ቁጠሩ ልጆች፣ ከሽኮኮዎቹ ጋር ቁጠሩ!

“አንድ!” አሉ ሽኮኮዎች። “ሁለት!” አያ ጭላዳ ላብ አጠመቀው። “ሦስት! አራት! አምስት!” ጠጠሩ ገና ነው! “ስድስት! ሰባት!”

“ይሄ አይቆጠርም!” ጮኸ አያ ጭላዳ። “ቁጭ ብዬ ነው የምለካው!”

“ማን ቁጭ በል አለህ?” አሉ እማማ አንጓች። አሁን “እርስዎ” ቀረ! “ኤሊ እንኳ በአራት እግሯ ቆማ ነበር የምትለካው!”

አያ ጭላዳ ሮጦ ሳንቃው ላይ ተቀመጠና “አልከፍትም! አልነሳም!” አለ።

“አትነሳ” አሉ እማማ አንጓች። ሽኮኮዎቹን በዓይናቸው ጠቀሷቸው። ሽኮኮዎች ግር ብለው መጡ። ጭቃውን ፋቁት፣ ሣሩን ነቀሉት፣ ዳሩን ቆፈሩት። ሳንቃው ተንቀጠቀጠ። አንዴ ቋ! አለ። ሁለተኛ ቋ! አለ። በሦስተኛው ቡልቅ!

ኩሬው ወጣ! ሳንቃው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ አያ ጭላዳም ሳንቃው ላይ! እማማ አንጓች ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና ዘለው ከኋላው ጉብ አሉ፤ ጎፈሩን እንደ ልጓም ጨበጡ። ሂድ፣ ተከዜ! ሂድ! በሉ እንጂ! ሂድ፣ ተከዜ! ሂድ!

ከላስታ ተራሮች ተንደረደሩ። ድንጋይ ዘለሉ፣ ገደል ወረዱ፣ ጥምዝ ዞሩ። ከግራ አንድ ምንጭ መጣ፤ “ልግባ?” “ግባ!” ጮኹ እማማ አንጓች። ከቀኝ አንድ ጅረት መጣ፤ “ልግባ?” “ግባ!” አያ ጭላዳ አፉ ውሃ ሞልቶ፣ “ይሄ ሁሉ ማነው?” ይላል። “ወንዙ ነዋ! አንተ ወንዝ ኩሬ ብቻ መስሎህ ነበር?”

ውሃው በደረቀው አሸዋ ላይ ሲመጣ ጉንዳን ተሯሯጠ፣ ቆቅ ተነሣ፣ የተጠሙ ፍየሎች ከዋሻ ወጥተው ተከተሉት። ሴቶች እንስራቸውን ይዘው “መጣ! ተከዜ መጣ!” እያሉ ወረዱ። አንዲት ጦጣ ከነልጇ ከዛፍ ላይ ቁልቁል ተወርውራ ጠጣች። አያ ጭላዳ ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ። መጀመሪያ ይጮህ ነበር። ቀጥሎ አንገቱን አዙሮ፣ “እነዚህ ሁሉ ይህን ያህል ቀን ምን ሲጠጡ ነበር?” አለ።

“ምንም” አሉ እማማ አንጓች።

ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ውሃ መጣ። እሱማ አይጠይቅ! ዘው! ሳንቃው እንደ እንዝርት ሾረ። ሸለቆው ውስጥ ገቡ፤ ግራና ቀኝ ግድግዳ፣ ላይ የክር ያህል ሰማይ። ሂድ፣ ተከዜ! ሂድ! እየበረሩ፣ እየዞሩ፣ እየተጋጩ ወርደው እመት ጉማሬ ፊት ጭቃው ላይ ዷ!

እመት ጉማሬ እንደ ቆመች ናት። ከሥሯ ነጠላ አለ። ነጠላው አይንቀሳቀስም።

ውሃው ነጠላውን ነካው። እግሩን ነካው፣ ሆዱን ነካው፣ አንገቱን ነካው። አዞ እንኳ አፉን ዘጋ።

አንድ ጆሮ ንቅንቅ አለ።

“እናቴ፣” አለ ድቡልቡሌ፣ “ይሄ ጨርቅ ምንድነው?”

እልል! እልል በሉ እንጂ! እመት ጉማሬ ውሃው ውስጥ ስትዘል ማዕበሉ ዳክዬን ዛፍ ላይ ሰቀላት። አዞ በጅራቱ ጨፈረ። እማማ አንጓችም እስክስታ መቱ። ቆይተው ወደ ዱባቸው ሮጡ። ዱባው ጠውልጎ ነበር። በዶማቸው ቦዩን በረገዱትና ወንዙን ወደ ማሳቸው መለሱት። ቅጠሉ ሲረጥብ፣ ግንዱ ቀና ሲል ደስታቸው ወሰን አጣ። ሌላም ቦይ ከፈቱ። ሦስተኛም ጨመሩ።

አያ ጭላዳ ጎፈሩ ረጥቦ፣ ደረቱ ጭቃ ሆኖ፣ ዳር ላይ ቆሞ ያያቸዋል። አዎ፣ ቆሞ። እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦

“እማማ አንጓች፣ ይህ ወንዝ ከዚህ በኋላ የት ይሄዳል?”

“ወደ ምዕራብ ነው የሚታጠፈው። ሌላ አገር ይገባል፣ ስሙንም ይለውጣል፣ ከዓባይ ጋር ይገናኛል ይላሉ። መጨረሻው ባሕር ነው አሉ። እኔ ሄጄ አላየሁትም።”

“ከእርስዎ በታችስ ማን አለ?”

እማማ አንጓች ዶማቸውን እንደያዙ ቀሩ። ከሦስቱ ቦዮች በታች ያለውን ወንዝ አዩት። ቀጥኗል። የት እንደሚደርስ፣ ማን ዳሩ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀው አያውቁም። ፊታቸው ቀላ። አፈሩ፣ ልጆች፤ ያ ሁሉ ዳገት የወጡት ሴት አፈሩ።

“የማላውቀው ሰው አለ” አሉ ቀስ ብለው።

ሄደው ሦስተኛውን ቦይ በጭቃ ደፈኑ። ሁለተኛውንም ደፈኑ። አያ ጭላዳም ሳይጠሩት ገብቶ ጭቃ አቀበላቸው። ወንዙም ሞላ ብሎ ወደማያውቋቸው ሰዎች ወረደ።

አያ ጭላዳ የውሃ አባትነቱን ተነጠቀ። ለሽኮኮዎች ተሰጠ። ወደ ተራራው የተመለሰውም በእግሩ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ “ወይኔ ወገቤ!” እያለ። እመት ጉማሬስ? ዱባ መስረቋን አልተወችም። እማማ አንጓችም መሳደባቸውን አልተዉም። ድቡልቡሌ ግን ከማሳው ዳር ሲመጣ አንድ ዱባ ይንከባለልለት ነበር።

እንግዲህ ልጆች፣ ውሃ እጃችሁ ሲገባ ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ ተራጩ። ግን ከእናንተ በታች ማን እንዳለ ጠይቁ። ስሙን ባታውቁትም ተራው ተራው ነው።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ ቆመ። ተከዜ ግን አልቆመም፤ አሁን እኛ እያወራን እየወረደ ነው። ሂድ፣ ተከዜ! ሂድ!